ለቤት ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ይበቃል? (4 ዲስክ፣ 24 ሰዓት የሚሠራ)

ካሜራማኑ — ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ። የ6 ዓመት ሥራዬ በ11 የውጭ ሃርድ ዲስኮች ላይ ተበታትኖ ነው ያለው። ባለፈው ወር አንዲት ሙሽራ ደወለችልኝ። "እናቴ ስትመርቀኝ የቀረጽከውን ድጋሚ ላክልኝ፣ እናቴ አርፋለች" አለችኝ። ዲስኩን አገኘሁት፣ ግን ገና ስሰካው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሦስት ቀን ታግዬ አወጣሁላት። ሁሉንም አንድ ቦታ በአግባቡ ላስቀምጥ ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ያለኝ ይኸው፦ ያገለገለ ማዘርቦርድ ከ6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ጋር፣ 16 ጊጋ ራም፣ አራት ባለ 8 ቴራ ዲስክ (3.5 ኢንች፣ ለሰርቨር ተብሎ የሚሸጠው)፣ ለሲስተሙ ትንሽ ኤስኤስዲ። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ትሩናስ የሚባለውን የሰርቨር ሲስተም ልጭንበት ነው።

የተቸገርኩት ፓወር ሰፕላይ (ከግድግዳ መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያድለው ሳጥን) ላይ ነው። ከኬዙ ጋር የመጣ "500 ዋት" የሚል አለኝ። የሱቁ ልጅ "24 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 750 ግዛ፣ ትልቅ ይሻልሃል" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ "200ም ይበዛበታል" ይላል። ማንን ልስማ?

ሶልደር — ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

መጀመሪያ ያቺን ልጅ እግዜር ያጽናት። አንተም ስላወጣህላት ተባረክ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የቤት ሰርቨር ከጌም ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም። እዚያ ዋቱን የሚበላው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ያንተ ማሽን ቀኑን ሙሉ ተረጋግቶ ይውላል። ጉልበት የሚፈልገው ሲነሳ ነው።

ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ እየሠራ ከ5 እስከ 9 ዋት ቢበላ ነው። ሲነሳ ግን የቆሙትን ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ዙር ላይ ማድረስ አለበት። ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ይስባል። 24 ዋት ማለት ነው። አራቱ አንድ ላይ ሲነሱ 96። ከ5 ቮልቱ ሌላ 14 ገደማ ጨምርበት። ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጉልበቱን ቢጠቀም 65፣ ለማዘርቦርድ፣ ለራምና ለፋን 25 እንበል። ተደምሮ 200 ዋት ነው። ያውም ሁሉም በአንዲት ሰከንድ ቢገጣጠሙ።

ስለዚህ ከ350 እስከ 450 ዋት የሆነ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይበቃሃል። "ጥሩ" የምትለዋ ላይ አስምርባት። የያዝከውን አገላብጠህ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጻፍልን። በተለይ 12 ቮልት ስር ስንት አምፔር ይላል?

ካሜራማኑ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

+3.3 ቮልት 20 አምፔር፣ +5 ቮልት 22 አምፔር፣ +12 ቮልት 16 አምፔር። ከታች በትልቁ "500 ዋት" ይላል። ሲያነሱት ባዶ ካርቶን ነው የሚመስለው፣ በጣም ቀላል ነው።

ሶልደር — ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

አብረን እናስላው። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት። የ5 ቮልቱ 110። የ3.3 ቮልቱ 66። ሁሉም ሲደመር 368 ነው። ራሱ የጻፈው ቁጥር እንኳ 500 አይሞላም። የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ የሚኖረው በ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ በእጅህ ያለው 500 ሳይሆን 192 ዋት ነው፣ እሱም ጽሑፉ ከታመነ።

ሌላም አለ። ርካሾቹ 12 እና 5 ቮልቱን በአንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት። አንዱ ላይ ጭነት ሲበዛ ሌላው ከቦታው ይንሸራተታል። ዲስኮችህ በአንዴ 12ቱን ሲስቡ 12ቱ ይወርዳል፣ 5ቱ ከፍ ይላል። ለኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በወጣው የኤቲኤክስ ደንብ 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች፣ 5 ቮልቱ ከ5.25 በላይ መሄድ የለበትም። የዲስኩ ኤሌክትሮኒክስ የሚበላው ያንኑ 5 ቮልት ነው። አዲስ ስትገዛ 5ቱንና 3.3ቱን ከ12ቱ ለብቻ የሚያወጣ ዓይነት ፈልግ። የምርት መግለጫው ላይ "ዲሲ ቱ ዲሲ" ተብሎ ይጻፋል።

ክብደቱም ምልክት ነው። የጎደለው የሙቀት መበተኛው ብረት፣ የማጣሪያ ጥቅልሉና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ነው።

የፍራንክፈርቷ — ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

የ750ውን ነገር እኔ ልመልስ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቴ ሰርቨር አለኝ። እዚህ ጀርመን መብራት ውድ ስለሆነ እያንዳንዷን ዋት ለክቻለሁ።

80 ፕላስ የሚባለው ማረጋገጫ (ብሮንዝ፣ ጎልድ፣ ቲታኒየም የሚሉ ደረጃዎች አሉት) ፓወር ሰፕላዩን የሚፈትነው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ነው። ለቤት ኮምፒውተር ከሚሸጡት 10 በመቶ ላይም የሚፈተነው ቲታኒየም ብቻ ነው። ጎልድ ማለት በግማሽ ጭነት ከግድግዳው ከሚስበው ቢያንስ 90 በመቶውን ለዕቃዎቹ ያደርሳል ማለት ነው። ያንተ ሰርቨር ግን አብዛኛውን ሰዓት 40 ዋት ገደማ ላይ ነው የሚቆየው። 40 ዋት ለ750ው 5 በመቶ ነው። 80 ፕላስ ያልፈተነው ቦታ ላይ ነው 24 ሰዓት የምታሠራው። ለ400ው ግን 10 በመቶ ነው፣ ትንሽ ይሻላል።

ልዩነቱ ግን አይጋነን። እኔ ቀይሬ ያገኘሁት 5 ዋት ነው። በዓመት 44 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በ35 ሳንቲም ሂሳብ 15 ዩሮ። እኔ ጋ ይቆጠራል፣ አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ብለህ አትጨነቅ። አንድ ታማኝ ሰው ደህና 550 በጥሩ ዋጋ ቢያመጣልህ ውሰደው። ብሮንዝም ቢሆን ከደህና አምራች ከሆነ አይከፋም። የጎልድ ምልክት የሚነግርህ ስለ ብክነት ብቻ ነው፤ ችግር ሲፈጠር ዲስኮችህን ያድን አያድን አይናገርም።

አሁን የምነግርህ ግን ከዋቱ ሁሉ ይበልጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት የሰርቨሬ ፓወር ሰፕላይ ፋኑ መጮህ ጀመረ። አዲስ ገዛሁ፣ ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት። የድሮውም የሚነቀል ነበር፣ ኩባንያው አንድ ነው፣ ሞዴሉ ብቻ ይለያያል። ኬዜ ጠባብ ነው። የዲስኮቹን ኬብል እንደገና ከማስገባት ብዬ የድሮዎቹን እዚያው ተውኩና ሳጥኑን ብቻ ቀየርኩ። ልክ ገቡ። ቁልፉን ስጫን ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁና ጠፋ። ደግሜ ተጫንኩት። ያኔ ነው የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ የመጣው።

በዲስክ በኩል ያለው የኬብል ጫፍ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ግን ደንብ የለውም። እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ሞዴል፣ እንደፈለገ ነው የሚያሰናዳው። የእኔው 12 ቮልቱን 5 ቮልት ላይ ላከው። ሦስት ዲስክ። በዲስኩ ሰሌዳ ላይ ለዚህ ብላ የምትሞት ትንሽ ዳዮድ አለች። ጥገና የሚያውቅ ሰው የሞተችውን አንስቶ ሁለቱን አስነሳልኝ። ሦስተኛው ሞተሩን የሚያዘው ቺፕ ራሱ ተቃጥሎ ነበር። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ የሄደችበት ቪዲዮ ያለው ከዳኑት በአንዱ ላይ ነበር። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

እባክህ ወንድሜ፣ ፓወር ሰፕላይ ስትቀይር ኬብሎቹን አብረህ ቀይር። ያገለገለ ስትገዛም ኬብሉ የራሱ መሆኑን ሳታረጋግጥ እንዳትገዛ።

ካሜራማኑ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3:05

እህቴ፣ አንብቤ ደነገጥኩ። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሱቅ ላይ ከላላ ኬብል ክምር አንስተው "ይኼም ይሆናል" ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጀማሪ — ረቡዕ፣ ቀን 6:10

ጥያቄ ልጨምር። የእኔ ፓወር ሰፕላይ የሳታ ጫፍ (ዲስክ ላይ የሚሰካው) ያለው ሁለት ብቻ ነው። አራት ዲስክ አለኝ። አንዱን ወደ ሦስት የሚከፍል ኬብል ገዝቼ ብሰካስ?

ሶልደር — ረቡዕ፣ ቀን 7:00

አይሆንም። የሳታ ፓወር ጫፍ 15 ፒን አለው። ለ12 ቮልት የተሰጡት ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር ይችላሉ። ድምሩ 4.5። ሦስት ዲስክ ሲነሳ 6 አምፔር ይፈልጋል። በየቀኑ መብራት እየሄደ ሲመጣ በየቀኑ እነዚያን ቀጫጭን ፒኖች ታሞቃቸዋለህ። በአንዱ ላይ ሁለት ዲስክ ዳር ላይ ነው፣ ሦስት ግን አልፏል።

ሞሌክስ ከሚባለው የድሮው ባለ አራት ፒን ጫፍ ወደ ሳታ የሚቀይረው ይሻላል፣ ምክንያቱም የሞሌክስ ፒን ወፍራም ነው። ግን የሳታውን ጫፍ ከኋላ እየው። ገመዶቹ በተለጠፈ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብረው ከሆነ አትግዛ። ፕላስቲኩ ሲፈስ ሽቦዎቹ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ከዓመት በኋላ ተነካክተው እሳት ያነሳሉ። የቀለጠ አንድ አውጥቼ አውቃለሁ፣ የዲስኩ ጫፍ አብሮ ተጣብቆ ነው የወጣው። እያንዳንዱ ገመድ ለብቻው ገብቶ ከኋላ ክዳን የሚደረግለት ዓይነት ነው የሚታመነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከፋብሪካው ሁለት የሳታ ኬብል፣ በየኬብሉ ሦስት ወይም አራት ጫፍ ያለው ፓወር ሰፕላይ መግዛት ነው። ሁለት ዲስክ በአንዱ፣ ሁለት በሌላው።

አንድ ፌዝ — ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ልጆቼ፣ ጥሩ ተነጋገራችሁ። እኔ 31 ዓመት መብራት ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከፓወር ሰፕላዩ ወዲህ እስከ ግድግዳው ያለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ልጄ ካሜራማኑ፣ ቤትህ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) አለው? ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ከኋላው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ምልክቱን ልንገርህ። ጫማህን አውልቀህ የኮምፒውተሩን ብረት በእጅህ ጀርባ ስትዳስስ የሚነዝር፣ ጉንዳን የሚሄድ የሚመስል ነገር ካለ ግራውንድ የለም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ከሁለቱም ሽቦዎች ወደ ኬዙ የታሰሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው ረብሻ ማጣራት ነው። የሰበሰቡትን የሚጥሉበት መሬት ሲያጡ ኬዙን ወደ 110 ቮልት ያመጡታል። አምፔሩ ኢምንት ስለሆነ ሰው አይገድልም። ግን የኔትወርክ ገመድ በሰካህ ቁጥር ያ ነገር በፖርቱ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ግራውንድ አስቀብር። ባለሙያ ጠርተህ አስለካው፣ ግምት አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ከመብራት መጥፋት ይልቅ አመጣጡን ፍራ። ይመጣል፣ በግማሽ ደቂቃ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ለፍሪጅ የሚገዛው ዲቫይደር አለ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ የሚለቀው። እሱን ከዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዕቃ) በፊት አድርገው። ቮልቱ ሲበዛ የሚቆርጥ መሆኑን አረጋግጥ። ሰፈር ውስጥ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ከተቆረጠ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ያን ጊዜ ጎልድም ብሮንዝም አያድንህም።

ሦስተኛ ስታብላይዘር ነው። ዛሬ ያለ ደህና ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ወደ 170 ቢወርድ አይከፋውም። ቀጭ ቋ የሚል ስታብላይዘር ጨምሮ በየደቂቃው ከሚቆራርጥበት ገንዘቡን ለዩፒኤስ አውለው።

የዲሲው — ረቡዕ፣ ማታ 2:00

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎ ስለ ቮልት ካነሱ አይቀር አሜሪካ ላለነው አንድ ነገር ልጨምር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለታናሽ ወንድሜ አንድ የቆየ ኮምፒውተር በሻንጣ ላክሁለት። ከጀርባው ቀይ ቁልፍ ነበረው፣ 115 እና 230 የሚል። እዚህ 115 ላይ ነበር። አልነገርኩትም። ቤት እንደደረሰ ሰካው፣ እንደ ርችት ነው የጮኸው። ወንድሜ ደህና ነው፣ ተመስገን። ከአሜሪካ ዕቃ የምትልኩ፣ ጎኑ ላይ "100–240" የሚል መሆኑን ሳታዩ አትላኩ። ቀይ ቁልፍ ካለው ወደ 230 አዙራችሁ በላዩ ፕላስተር ለጥፉበት።

ካሜራማኑ — ረቡዕ፣ ማታ 3:35

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ጫማዬን አውልቄ ነካሁት። ይነዝራል። ሁልጊዜ የሚነዝር ነገር ነበር፣ የኮምፒውተር ጠባይ ነው ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ቅዳሜ ሰው ጠርቻለሁ።

ስለ ዩፒኤስ፣ 650 ቪኤ የሚል ያገለገለ አለኝ። ይበቃል? ደግሞ ከውጭ ዲስኮቹ ውስጥ አንዱን ፈትቼ ከውስጡ ያለውን 3.5 ኢንች ሰካሁ፣ አይነሳም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን በዚያው በራሱ ሳጥን ይሠራል።

ሶልደር — ረቡዕ፣ ማታ 4:10

ዲስኩ አልሞተም። በአንዳንድ አዳዲስ ዲስኮች ላይ ሦስተኛው የፓወር ፒን ሥራው ተቀይሯል። ድሮ 3.3 ቮልት ይሄድበት ነበር። አሁን እዚያ ላይ ቮልት ካለ ዲስኩ "ጥፋ ተብያለሁ" ብሎ ይረዳዋል። የያዝከው ፓወር ሰፕላይ በድሮው ልማድ 3.3 እየላከበት ነው። ሙቀት የሚችለውን ቢጫውን ካፕቶን ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጠህ የዲስኩን የመጀመሪያ ሦስት ፒኖች ሸፍን። ይነሳል። ተራ የመብራት ፕላስተር አትጠቀም፣ ሲሞቅ ይንሸራተታል።

የፍራንክፈርቷ — ሐሙስ፣ ጠዋት 1:15

650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም። እንደ ሞዴሉ ከ325 እስከ 390 ዋት ነው። ለአንተ ይበቃል። ከመብራት ወደ ባትሪ ሲሻገር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ደንቡን የጠበቀ ፓወር ሰፕላይ መብራት ከተቋረጠበት በኋላ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይይዛል፣ ትልቁ ካፓሲተር ሥራው እሱ ነው። ያንን የቀለለውን 500 ብትሰካ ግን ዩፒኤስ እያለህ ሰርቨሩ ሊጠፋብህ ይችላል።

ባትሪውን ግን ቀይር። ያገለገለ ዩፒኤስ ውስጥ ያለ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፣ ሙቀት ደግሞ ያሳጥረዋል። የዩኤስቢ ወደብ ካለው ከሰርቨሩ ጋር አገናኘው፣ ትሩናስ ውስጥ ማዘዣው አለ። "መብራት ከጠፋ በ5 ደቂቃ ራስህን በሥርዓት ዝጋ" በለው። የዩፒኤስ ሥራ እስኪመጣ መጠበቅ አይደለም፣ በሰላም መዝጋት ነው።

አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ የተደረደረ ደረጃ ዓይነት ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች አልፎ አልፎ ይህን አይወዱትም፣ ይጮሃሉ ወይም ይጠፋሉ። ስለዚህ ዳታ ሳትጭንበት በፊት ሶኬቱን ነቅለህ ሞክረው።

ጀማሪ — ሐሙስ፣ ቀን 8:00

እኔ የማስበው በጣም ትንሽ ሳጥን ነው። እነዚያ በጣት የሚያዙ፣ ከውጭ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰካላቸውስ?

ሶልደር — ሐሙስ፣ ቀን 8:40

ለሁለት ዲስክና ኤን 100 የሚባለው ትንሽ ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ላለው ቦርድ ደስ ይላሉ፣ ድምፅ የላቸውም። ለአራት ባለ 3.5 ግን አልመክርም። 12 ቮልቱን አብዛኞቹ ከቻርጀሩ እንዳለ ነው የሚያሳልፉት። ዲስኮቹ አንድ ላይ ሲነሱ ቻርጀሩ ይደክማል። ትንሽ ሳጥን ከፈለግህ ኤስኤፍኤክስ የሚባለውን መጠን የሚቀበል ፈልግ። 12.5 በ6.35 በ10 ሴንቲሜትር ነው፣ 450 ዋትም በደህና ጥራት ታገኝበታለህ።

ካሜራማኑ — ከ17 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 9:20

ሰላም ሁላችሁ። ውለታችሁን ላሳውቅ መጣሁ።

ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ 450 ዋት ጎልድ ይዛልኝ መጣች። ጎኑ ላይ 12 ቮልት 36 አምፔር ይላል። 432 ዋት፣ አስልቼዋለሁ። ዋስትናው 7 ዓመት። ሁለት የሳታ ኬብል፣ በየአንዳንዱ ሦስት ጫፍ። ሲያነሱት እጅ ላይ ይከብዳል።

ግራውንዱ ተቀብሯል። አሁን በባዶ እግሬ ብነካው ብረት ብቻ ነው።

በዋት መለኪያ ለካሁት። ሲነሳ ከፍተኛው ያየሁት 131 ዋት ነው፣ መለኪያው በሰከንድ አንዴ ስለሚያሳይ እውነተኛው ጫፍ ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም። ዲስኮቹ እየዞሩ ሥራ ሳይኖር 46። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፋይል እየገለበጠ 61። 12 ቮልቱን በመልቲሜትር ስለካ ሲነሳ 12.08፣ ሲረጋጋ 12.11።

ዩፒኤሱን አዲስ ባትሪ አስገባሁለት። ከዚያ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ነቀልኩ። ጩኸት የለም፣ ሰርቨሩ አልተንቀጠቀጠም። ልክ በአምስተኛው ደቂቃ ዲስኮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ሰማሁ፣ መጨረሻ ላይ ፋኑ። እስኪዘጋ ቁጭ ብዬ አየሁት። መልሼ ስሰካ ዲቫይደሩ ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ ለቀቀው።

አንድ ፌዝ — እሑድ፣ ቀን 10:05

ጎበዝ ልጄ። ያንን የድሮውን ለሌላ ሰው አትሽጠው። ከፍተህም አትነካካው። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ 300 ቮልት ሊቆይ ይችላል።

ካሜራማኑ — እሑድ፣ ቀን 10:30

እሺ ጋሼ፣ አልሸጠውም። ኬብሉን ቆርጬ ነው የምጥለው።

ለፍራንክፈርቷ እህቴ፦ ያልተጠቀምኩባቸውን የአዲሱን ኬብሎች በላስቲክ ከረጢት አድርጌ በማርከር የሞዴሉን ስም ጻፍኩበት። ከረጢቱን ኬዙ ውስጥ፣ ከታች፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጎን አሰርኩት። ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የዚያች ሙሽራ ፋይል መጀመሪያ የገባው ነው። ሁለተኛ ቅጂው ደግሞ እህቴ ቤት አለ።